ፍልፈል ፍለጋ ከሳጉሬ በላይ

ፈሪ መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ያለዚያ ይህን ጉዞ ማውራት አይቻልም፤ ደርግ ሳይወድቅ ደግሞ እንዲህ አድርጎ መጻፍ የሚታሰብ አልነበረም። ያኔ በየቀኑ የጫርኩባት ደብተር ዛሬም እጄ ላይ አለች። ጠርዟን አይጥ በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤታችን ካሜራ የምንይዝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበርን። አንደኞቹ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ሌላው ዓይነት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ልብ ስለማይላቸው ትንንሽ ፍጥረታት፣ ለተማሪዎች የሚታዩ የአምስት አምስት ደቂቃ ፊልሞች እሠራለሁ። ጉንዳን ሠርቻለሁ፣ ቀንድ አውጣ ሠርቻለሁ፣ እስስት ሠርቻለሁ። ለእስስቷ ስል አሥራ አንድ ቀን በሆዴ ተኝቻለሁ። ባልደረቦቼ "የጉንዳን ጄኔራል" ይሉኝ ነበር። ስቄ እቀበላቸዋለሁ፤ ምን ቸገረኝ፣ ጉንዳን አይተኩስም።

ያን ዓመት ግን ፊልም ጠፋ። ያለው ሁሉ ለጦሩ ነው ተባለ። አለቃዬ አስጠራኝና ሦስት ጥቅል ፊልም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ የመጨረሻዎቹ እነዚህ ናቸው አለኝ። ሕያው ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሲሠራ ካሳየኸኝ የበላዮቹን አሳምኜ ሥራህን አስቀጥላለሁ፤ ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን በሚቀጥለው ወር ወደ ሰሜን ከሚሄዱት መካከል ስምህ ተጽፏል፣ እኔም ልፍቀው አልችልም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሲነግረኝ እንኳ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ባለቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከእኛ ክፍል ቀደም ብለው ከሄዱት ሁለቱ አልተመለሱም።

ፍልፈልን የመረጥኩት በደብዳቤ ምክንያት ነው። አሰላ የሚያስተምር ጀማል የሚባል የባዮሎጂ መምህር የእስስቷን ፊልም አይቶ ጻፈልኝ። ከሳጉሬ በላይ ባለው ተረተር ፍልፈል መሬቱን ወንፊት አድርጎታል፣ ና ብቻ አለኝ። እኔም ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት በላንድሮቨር ከቀበና ተነሳን። ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም፣ ሦስት ጊዜ ሰሜን ደርሰው ተመልሰዋል፣ ስለዚያ ግን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ሞጆ ኬላ ላይ ፈታሹ የይለፍ ወረቀታችንን አነበበና መልሶ ከላይ ጀመረ። ለፍልፈል ነው የምትሄዱት ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ወደ ጓደኛው ዞሮ አላላገጠብኝም፤ ሣጥኖቹንም አላስከፈተም። የታደላችሁ ብሎ ገመዱን አወረደው። ጋሽ ወርቁ ማርሽ እያስገቡ በረጅሙ ተነፈሱ።

ናዝሬት ምሳ በልተን አዋሽን ስንሻገር ሙቀቱ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ አጣበቀው። ከዴራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ በእያንዳንዱ ዳገት አንድ ልብስ እየደረብኩ ወጣሁ። ኢተያ አካባቢ ያለው የስንዴ ብዛት ሰው ያስደነግጣል። እኛ ቀበና አራት ዳቦ ለመግዛት ሳይነጋ እንሰለፋለን፤ እዚህ ዳቦው ዓይን እስኪታክት ድረስ በእግሩ ቆሟል። አርሲን ላላየ ሰው ይህን ብናገር የሚያምነኝ አይመስለኝም።

አሰላ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። የቀበና ብርድ ከወንዝ ይመጣል፣ እግር ይይዛል። የአሰላው ከጭላሎ ነው የሚወርደው፣ ጆሮ ነው የሚይዘው። ያደርንበት ቡና ቤት ባለቤት፣ አያቶቿ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ሴት፣ ስንቀጠቀጥ አየች። ልተኛ ስገባ የከሰል ካውያዋን ይዛ መጣችና አንሶላና ብርድ ልብሱን እስከ ግርጌው ድረስ ተኮሰችልኝ። እናቴ እንኳን ይህን አድርጋልኝ አታውቅም። በሞቀው አልጋ ውስጥ ሆኜ ስለ ሰሜን እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ ጀማልን አገኘሁት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አሰላ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ የሚሰማው ሰው ሁለቱንም ካላወቀ ይስቅና እንደገና ይጀምራል። ሁሉን አዘጋጅቼልሃለሁ አለኝ። የኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ሲደርስ ራሱ ይዞ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ቅጂው ወደ ገበሬ ማኅበሩ እንዲላክ አድርጓል። ማክሰኞ ትደርሳላችሁ ብሎ ቀኑንም አስነግሯል። የሚቀረው የአንድ ሰው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር። ባለ ማኅተሙ ስብሰባ ገብቷል ተባለ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ የአዲስ አበባውን ወንበር አውቀዋለሁ፣ የዚህኛውም ያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንነሳ ከከተማው ሳንወጣ ጎማችን ፈነዳ። መለዋወጫውም ነፋስ የለውም። ጎሚስታው ዘንድ ገፍተን ወሰድነው፤ ሰውየው እጁ ደህና ነው፣ ግን ማጣበቂያው አልቆበት ከጎረቤት እስኪያመጣ መሸ። ጋሽ ወርቁ አንድ ቀን ምን አላት ብለው አጽናኑኝ። ጀማልም ቤቱ ወስዶ እራት ጋበዘን፤ ባለቤቱ የበሰለ ድንች በአይብ አቀረበችልን፣ ልጆቹ ስለ እስስቷ ጠየቁኝ። አንዷ ቀን ምን እንደነበራት ያወቅነው በማግሥቱ ነው።

ረቡዕ ሳጉሬ ደርሰን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ከዚያም እሱም ይጠፋና የጋሪ ዱካ ይሆናል። ግራና ቀኙ ገብስና ተልባ ነው። ከፍ እያልን ስንሄድ ተረተሩ ላይ ትኩስ አፈር ማየት ጀመርኩ። እዚህም እዚያም የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ፍልፈል የሚቆፍረው ዓይነት ግን አይደለም፣ የሰው ዶማ የገባበት ነው። 

የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ ፍልፈሎቹ በረድፍ በረድፍ ተዘርግተው ነበር። ሁሉም ሞተዋል። ብርቱካን የመሰለ ቢጫ ጥርሳቸው ወጥቶ፣ የምስር ፍሬ የማታህል ዓይናቸው ተጨፍና፣ መዳፋቸው ላይ አፈሩ ሳይረግፍ። በሩ ላይ ባለው ሚስማር በቃጫ የተሰካ የጭራ ዘለላ ተንጠልጥሏል።

ሊቀ መንበሩ ኦቦ ከድር ወጥተው ተቀበሉን። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ብርድ ልብስ በትከሻቸው የጣሉ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። እጃችንን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ጓድ፣ ትናንት ትመጣላችሁ ብለን ጠበቅናችሁ" አሉኝ። "ስትቀሩ ጊዜ ሥራችሁን ጨርሰን ቆየናችሁ።"

ነገሩን ጀማል ቀስ እያለ ጠይቆ አስረዳኝ። ከዓመታት በፊት ስለ ፍልፈል ከመንግሥት የተላኩ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መርዝ ይዘው ነው የመጡት፤ ሲመለሱም ጭራ ቆጥረው ወስደዋል፣ ትንሽ ጭራ ያሳየውን ማኅበር ወቅሰዋል። አሁንም ስለ ፍልፈል ባለሙያዎች ይመጣሉና ትብብር አድርጉ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ ኦቦ ከድር ጥሩንባ አስነፍተው የማኅበሩን አባላት በሙሉ በዘመቻ አወጡ። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ ሥራቸውን ጥለው ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ዋሉ። ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ፍልፈልን ሊያይ ብቻ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ለፍልፈሎቹ ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ። ያዘንኩት ለራሴ ነው። እዚያ ሣር ላይ ቆሜ ያየሁት ረድፍ ሌላ ረድፍ ነበር፣ የሰሜኑ። ኦቦ ከድር ፊቴን አይተው ምናልባት አነሰ ይሆን ብለው ጀማልን ጠየቁት። ጀማል አላነሰም፣ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልን አላቸው። ከዚያ ሥራው ለመከናወኑ ወረቀት ፈለጉ። "ማኅበሩ የተሟላ ትብብር አድርጓል" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ውሸት የለበትም።

ማታ ኦቦ ከድር ቤት አደርን። ባለቤታቸው ጩኮ አቀረቡልን፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ የታሸ ነው። የእኛ በሶ ዘመድ መሆኑ ነው፣ ግን የእኛው በሶ ውኃና ጨው ካገኘ ተመስገን ይላል፤ ይህኛው ቅቤ ጠጥቶ ጠግቦ ነው የሚመጣው። በሌላ ቀን ቢሆን ጣቴን እቆረጥም ነበር። ያን ማታ ግን አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ዞሮ ዞሮ አልወርድ አለኝ። እንግዳ ሳይበላ ሲቀር ባለቤት ይጨነቃል። ኦቦ ከድር ምግቡ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁ፣ ጀማል ደበቃውን ተወና እውነቱን ነገራቸው። ፍልፈሉን የምንፈልገው በሕይወቱ ነበር አላቸው። ይህ ሰው ፍልፈል ይዞ ካልተመለሰ ጦር ሜዳ ይሄዳል አላቸው።

ኦቦ ከድር አልሳቁም፣ ጥፋቱ የናንተ ነው ብለውም አልተከራከሩም። እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሱ። ዶማ ያልነካው አንድ ቦታ አለ አሉ። ሃዳ ኑሬ ግቢ። ሃዳ ኑሬ ማለት የኑሬ እናት ማለት ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ባሏ የተቀበረው እዚያው ከቤቷ ጀርባ ነው፣ በመቃብሩ ዙሪያ መሬት አላስቆፍርም ብላ ዘመቻውን ከልክላለች። ማኅበሩም እምቢተኛ ብሎ ስሟን መዝግቧል። ኦቦ ከድር ነገ እኔው ራሴ ሄጄ እለምናታለሁ አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ ሄድን። ሃዳ ኑሬ ከአጥሯ ውጭ ቆማ ጠበቀችን፤ ረጅም፣ ፊቷ የከሳ፣ ቀጥ ያለች ሴት። አማርኛ ከገበያ ያገኘችውን ያህል ታውቃለች፤ ሰፋ ያለውን ጀማል ያስተረጉማል። ኦቦ ከድር መጀመሪያ ስሟን ስለመዘገቡት ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ምን እንደምንፈልግ ነገሯት። እኔም እንደማንቆፍር፣ ከመቃብሩ ድንጋይ ውጭ የመዳፍ ያህል ቦታ ከፍተን ከመጠበቅ ሌላ ምንም እንደማናደርግ በጀማል በኩል ማልኩላት። ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ አይወድም፤ ጎሬው ከተከፈተበት ሊደፍነው ይመጣል። ፊልም የሚነሳው ያኔ ነው።

ካሜራውን አተኩራ አየችው። ኑሬ አንድ ልጇ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ደብዳቤ ከቀረ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ። ይህን ኦቦ ከድር በጆሮዬ ነገሩኝ። እሷ ስለ ልጇ አላወራችም። ብቻ ይህ ነገር ወታደሮቹ ያሉበት ይሄዳል ወይ ብላ ጠየቀች። ኦቦ ከድር ይሄዳል አሏት፤ አሰላ ቀበሌ አዳራሽ በቴሌቪዥን ወታደሮቹ ተሰልፈው ሲያልፉ በዓይናቸው አይተዋል።

ወደ እኔ ዞረች። ይህችኛዋን በራሷ አማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

"አንተስ ልጄ? ትሄዳለህ?"

"በሚቀጥለው ወር እንድሄድ ስሜ ተጽፏል፣ እናቴ" አልኳት።

ቃሉ እውነት ነው፣ ስሜ ተጽፎ ነበር። ውሸቱ የዋጥኩት ላይ ነው። እዚያ ደጃፏ የቆምኩት ያንን ስም ለማስፋቅ መሆኑን አልነገርኳትም። ኦቦ ከድርም ጀማልም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። እሷ ፊቴን ትንሽ ተመለከተችና የአጥሩን በር አነሳችልን።

ያን ቀን አልተሳካም። ከቤቷ ጀርባ ካለው ጥድ ሥር፣ ከመቃብሩ ድንጋይ አምስት እርምጃ ርቀን ጎሬውን ከፈትንና በሆዴ ተኛሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አፈሩ ተነቃነቀ፣ አፍንጫው ብቅ አለ። ካሜራዬ በእጅ የሚጠመዘዝ ነው፣ ሲሠራ ይንሾካሾካል። አስነሳሁት፤ ፍልፈሉ ያንን ሰምቶ ገባና ቀረ። አንድ ጥቅል በባዶ ቀዳዳ ላይ አለቀብኝ። ከዚያ ደግሞ ከጎረቤት ዱም ዱም የሚል ድምፅ መጣ፤ ሴቶች ገብስ እየወቀጡ ነው። መሬቱ በደረቴ ሥር ሲነዝር ይሰማኛል። እስኪመሽ ድረስ ምንም አልወጣም።

ስነሳ ሃዳ ኑሬ ትኩስ ወተት ሰጠችኝ። ሙቀጫ እየተወቀጠ አይመጣም አለችኝ። እኔ ስወቅጥ እሱ ዝም ይላል፣ ሳቆም ይቆፍራል፤ ልጁ ከሄደ ወዲህ በዚህ ግቢ ያለነው እኔና እሱ ነን አለች። ጀማል ነው የተረጎመልኝ። እሷ ቀለል አድርጋ ነበር የተናገረችው፣ ሰው ስለ ጎረቤቱ እንደሚያወራ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በየቤቱ ዞራ ነገ ማንም እንዳይወቅጥ ለምናለች።

ዓርብ። ስለዚያ ቀን ደብተሬ ላይ ያለው ጥቂት ነው፣ ፊደሉም አያምርም። በዚያ ተረተር ላይ ሙቀጫ አልተወቀጠም። ከብቶቹን ከታች ሜዳ ላይ አዋሏቸው። ጁምዓ ነበርና ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሲሄዱ በሃዳ ኑሬ ደጃፍ የሚያልፈውን አቋራጭ ትተው በታች በኩል ዞሩ። ኦቦ ከድር ራሳቸው መንገዱ ላይ ተቀምጠው መጪውን ሁሉ በእጃቸው ይመልሱ ነበር። አንድ ሙሉ ቀበሌ ለአንድ ፍልፈል ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ቀበና ብሆን ለልቅሶ እንኳን ሬዲዮ የሚቀንስልኝ ሰው ስንት ነው ብዬ አሰብኩ።

ካሜራውን ሃዳ ኑሬ ባወጣችልን ቡልኮ ጠቀለልኩት፣ ሌንሱ ብቻ ቀረ። ቡልኮው የባሏ ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ከደረቴ ሥር ያለው አፈር ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። እንዳያስለኝ አፌን በክንዴ አፍኜ ነበር። እግዚአብሔርን ስለ ፍልፈል ለመንኩት። ልጄን ሳላይ እንዳልሞት ብዬ ነው የለመንኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም።

ከዚያ መጣ። መጀመሪያ አፈሩን በጭንቅላቱ እየገፋ። ካሜራው በቡልኮው ውስጥ አልተሰማም። ፍልፈል በእጁ የሚቆፍር ይመስለን ነበር፤ በጥርሱ ነው። ከንፈሩ ከጥርሱ ኋላ ይገጥማል፣ አፉ ዝግ ሆኖ ይነክሳል፣ አፈር አይውጥም። ነከሰ፣ ረገጠ፣ ዞረ፣ በግንባሩ ደለደለ። አንዴ ቀና ብሎ ያችን ዓይኑን ወደ ብርሃኑ ከፈታት፤ ምን ያህል እንደሚያይባት አላውቅም። ሥራውን የሚሠራው አኩርፎ ነው፣ ቤቱን ሌላ ሰው ክፍት ጥሎበት እንደሄደ ሽማግሌ። ሁለተኛው ጥቅል አለቀ፣ በቡልኮው ውስጥ በዳሰሳ ሦስተኛውን አጎረስኩ፣ አሁንም እዚያው ነበር። የመጨረሻዋን ቀዳዳ ሲደፍን ሦስተኛውም አለቀ። መሬቱ ዝም አለ። ፊቴን ሣሩ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው፣ አላፍርበትም። ማፈር የጀመርኩት ቀና ስል ነው።

ሃዳ ኑሬ ከጥዱ ሥር ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አይታለች። አጠገቤ መጥታ አፈሩን ከደረቴ ላይ አራገፈችልኝ። ከዚያ ጀማልን ጠርታ ቃሌን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ አለችው።

"እሱን እንዲህ ታግሠህ ከጠበቅኸው፣ ልጄንም አታጣውም" አለችኝ። "ኑሬ ረጅም ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ስታገኘው አንሳውና በዚያ በአሰላው ሣጥን አሳየኝ። ምንም እንዲናገር አልፈልግም። ብቻ ልየው።"

"እሺ፣ እናቴ" አልኳት።

አይሆንም ማለት የምችልበት ቦታ እዚያ ነበር። ሥራዬ አልቋል፣ ፊልሙ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ እውነቱን ብናገር ማንም አይወስድብኝም። ግን እሺ ነው ያልኩት። እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከጥይት ይሰውርህ አለችኝ። ጀማል ምርቃቱን ሲተረጉም ወደ እኔ አልተመለከተም።

ቅዳሜ ተመለስን። ኦቦ ከድር ባለቤታቸው የቋጠሩልንን ጩኮ መኪናው ውስጥ አስቀመጡና እስከ ሳጉሬ ሸኙን። አሰላ ላይ ጀማል ወርዶ ተሰናበተኝ። ከኢተያ ቁልቁል ስንወርድ ሁሉን ለጋሽ ወርቁ አወራኋቸው።  አዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፣ አንተም ለሚወለደው ልጅህ ተርፈሃል፣ እኔም ብሆን እሺ እላት ነበር አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። አልጽናናሁም፤ ጩኮውን ግን ሁለታችንም ሞጆ እስክንደርስ ጨረስነው።

ፊልሙ ታጠበ፣ አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየው። እንዳለውም ስሜን አስፋቀልኝ። በስሜ ቦታ ታደሰ የሚባል ባልደረባዬ ተጻፈ፤ ባለትዳር ነው፣ የሁለት ልጆች አባት። ለምን እሱ እንደሆነ አልጠየቀም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሊሄድ ሲል የኑሬን ስምና መልኩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ከአራት ወር በኋላ በሕይወት ተመለሰ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና እዚያ ያለው ሰው ብዛት አይገባህም አለኝ። ሴት ልጅ ተወልዳልኝ ነበር፤ ያን ማታ አቅፌያት ስቀመጥ ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብላ ጠየቀችኝ፣ ምንም አልኳት።

የፍልፈሉ ፊልም በቴሌቪዥን የታየው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ቀኑን ለጀማል ጽፌለት ነበር፣ ደስ ይበለው ብዬ። ጀማል ለኦቦ ከድር አስነገረ። ኦቦ ከድርም ግቢዋን ትየው ብለው ሃዳ ኑሬን በፈረስ እስከ ሳጉሬ፣ ከዚያ በመኪና አሰላ አድርሰው ቀበሌው አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። የሆነውን ጀማል በደብዳቤ ጻፈልኝ። ፍልፈሉ ብቅ ሲል ሕዝቡ ስቋል፣ ሲደፍን አጨብጭቧል። አምስቱ ደቂቃ አለቀ። ሰዉ ተነስቶ መውጣት ሲጀምር እሷ አልተነሳችም። ኦቦ ከድር አልቋል እንሂድ ቢሏት፣ ይህማ የኔ ግቢ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ፣ ቀጥሎ ኑሬ ነው አለቻቸው። ዜናው መጣ፣ ዘፈኑ መጣ፤ ዘበኛው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ቁም ሣጥኑን እስኪቆልፍ ድረስ ተቀምጣ ጠበቀች። በሩ ላይ ጀማልን ይዛ፣ ያ ካሜራ የያዘው ልጅ ገና አልሄደም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

"ገና ነው አልኳት" ይላል ደብዳቤው። "ሌላ ምን ልበላት? አንተ ንገረኝ።"

ይኸው ይህን ያህል ዓመት ሆነው፣ እስከ ዛሬ መልስ አልጻፍኩለትም።